ናርኒያን ከየትኛው መጽሐፍ እንጀምር?

ሲ. ኤስ. ሉዊስ ናርኒያ ስለምትባል ምናባዊ ዓለም ለልጆች የጻፈው የናርኒያ ተከታታይ ልቦለድ ሰባት መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ ላይ «1» የሚል ቁጥር ያለበት መጽሐፍ ግን ሁለት ዓይነት ነው። በአሮጌው የአሜሪካ እትም ቁጥር 1 «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሳጥኑ» ሲሆን፣ በአዲሱ እትም ይኸው መጽሐፍ ወደ 2 ወርዶ ቦታውን «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ይዞታል። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ዘንድ ከአሮጌው እትም ቁጥር 1ን፣ ከአዲሱ ቁጥር 2ን የገዛ ሰው ቤቱ ሲገባ አንድ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ገዝቶ ያገኘዋል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንድ አንድ እያለ ለሚለቅም፣ ወይም አንዱን ዘመድ ከአሜሪካ ሌላውን ከእንግሊዝ ለሚልክለት ሰው ይህ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው በታተሙበት ቅደም ተከተል ያንብብ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሆነው «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሳጥኑ» 1950፣ «ልዑል ካስፒያን» 1951፣ «የዶውን ትሬደር ጉዞ» 1952፣ «የብሩ ወንበር» 1953፣ «ፈረሱና ልጁ» 1954፣ «የአስማተኛው የእህት ልጅ» 1955፣ «የመጨረሻው ጦርነት» 1956 ወጡ። በእጃችሁ ያለው አዲሱ እትም ከሆነ ወይም ሰባቱ በአንድ ወፍራም ጥራዝ የተጠረዙ ከሆነ፣ በዚያ አቆጣጠር የምታነቡት 2፣ 4፣ 5፣ 6፣ 3፣ 1፣ 7 እያላችሁ ነው። ይህችን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ መጽሐፉ ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ከዚህ በታች ምክንያቱን ስዘረዝር ሁለት ሦስት ምስጢር መገለጡ አይቀርም፤ ጨርሶ ያላነበበ ሰው ቁጥሮቹን ብቻ ይዞ እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየምም።

ውዝግቡ የመጣው ከአንድ ደብዳቤ ነው። በ1957 አንድ አሜሪካዊ ልጅ ለደራሲው ለሲ. ኤስ. ሉዊስ ጻፈ። እናቱ በታተሙበት ቅደም ተከተል መነበብ አለባቸው ትላለች፤ ልጁ ደግሞ ታሪኩ በናርኒያ ውስጥ በተፈጸመበት ቅደም ተከተል፣ ማለትም ከዓለሟ መፈጠር ተነሥቶ እስከ ፍጻሜዋ ማንበብ ይሻላል ባይ ነው። ሉዊስ ከእናትየዋ ይልቅ ወደ ልጁ ሐሳብ እንደሚያደላ መለሰለት። ደራሲው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ሃርፐርኮሊንስ የአሜሪካውን እትም ሲረከብ በታሪኩ ዘመን ቅደም ተከተል ቆጥሮ አወጣው፤ መጽሐፉም ላይ ይህ የደራሲው ምርጫ ነው የሚል ማስታወሻ አኖረበት። የሉዊስ የእንጀራ ልጅም ይህንኑ ደግፏል። ዛሬ ከመጻሕፍት መደብር አዲስ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው ይህንን ነው።

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን ነገሩን እንዲህ አያጠብቀውም። ሉዊስ እዚያው ደብዳቤ ላይ ተከታታዩን አስቀድሞ እንዳላቀደው ይናገራል። የመጀመሪያውን ሲጽፍ ሁለተኛ እንደሚኖር አላሰበም፤ ሁለተኛውን ጽፎም ሌላ ይመጣል አላለም፤ ሦስተኛውን ሲጨርስ በቃ ይህ የመጨረሻው ነው ብሎ ነበር። እናም ማንም በየትኛው ቅደም ተከተል ቢያነብ ያን ያህል ለውጥ ላያመጣ ይችላል ይላል። ለአንድ ልጅ በደግነት የተጻፈ፣ በ«ምናልባት» የተሞላ መልስ ነው። ከዚህ ላይ ተነሥቶ የአሳታሚ ደንብ ማውጣት፣ እንደ እኔ፣ ከደራሲው ቃል በላይ መሄድ ነው።

ደግሞም ደራሲ ስለ መጽሐፉ በደብዳቤ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፉ ራሱ አንባቢውን ምን ያውቃል ብሎ እንደሚያናግረው ሌላ ነው። «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሳጥኑ» ምዕራፍ 7 ላይ ቢቨር የተባለ የሚናገር እንስሳ በቁም ሳጥኑ በኩል ናርኒያ ለገቡት አራት ወንድምና እህት ልጆች አስላን የሚለውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣል። ተራኪው እዚያው ላይ ከልጆቹ አንዳቸውም አስላን ማን እንደሆነ አያውቁም፣ አንተም እንደማታውቀው ሁሉ፣ ይለናል። በልጆቹ ሰውነት ውስጥ ያ ስም የሚያሳድረው እንግዳ ስሜት ወደ አንባቢውም የሚተላለፈው አንባቢው በእውነት ስለማያውቅ ነው። «የአስማተኛው የእህት ልጅ»ን ቀድሞ ያነበበ ሰው ግን አስላን የተባለው አንበሳ እየዘመረ ዓለም ሲፈጥር አይቷል፤ «አታውቀውም» ሲባል «ኧረ አውቀዋለሁ» ይላል፣ ምዕራፉም እዚያው ላይ ይከሽፋል።

በተቃራኒው «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ገና በመክፈቻው፣ ይህ በጣም አስፈላጊ ታሪክ ነው፣ ምክንያቱም በእኛ ዓለምና በናርኒያ መካከል ያለው መመላለስ ሁሉ እንዴት እንደተጀመረ ያሳያል ይላል። ናርኒያ ምን እንደሆነች አያስረዳም፤ የሚያናግረው የምታውቃትንና የምትናፍቃትን አንባቢ ነው። የታሪኩም አካሄድ እንዲሁ ነው። መጽሐፉ 15 ምዕራፍ አለው፤ ናርኒያ መፈጠር የምትጀምረው ግማሹ ካለፈ በኋላ፣ በ8ኛው ምዕራፍ ማብቂያና በ9ኛው ነው። ከዚያ በፊት ያለው የለንደን ሰገነት፣ አስማተኛ አጎት፣ ቀለበቶች፣ ቻርን የምትባል የሞተች ከተማ ነው። ናርኒያን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ መዘግየት ጉጉት ይጨምራል። ለማያውቃት ልጅ ግን «ናርኒያ የታለች?» እያለ መሰላቸት ይሆናል፤ በዚህ ቅደም ተከተል የጀመሩ ልጆች መጽሐፉን ጥለው የሚነሡት ብዙውን ጊዜ እዚህ አካባቢ ነው ብዬ እገምታለሁ። በሌላኛው በር የገባ ልጅ ግን ከአራቱ ልጆች ታናሽ ከሉሲ ጋር በቁም ሳጥኑ ውስጥ አልፎ በረዶ ላይ የሚቆመው በምዕራፍ 1 ነው።

እዚያ በረዶ ላይ፣ በጫካ መሀል፣ የመንገድ መብራት ምሰሶ በርቶ ቆሟል። ማን አቆመው? ለምን? ሉሲም ትደነቃለች፣ መጽሐፉም አይመልስም። መልሱ የሚመጣው ከአምስት መጽሐፍ በኋላ ነው፤ ከለንደን የመጣ የምሰሶ ብረት አዲስ በተፈጠረው አፈር ላይ ወድቆ እንደ ዛፍ በቀለ። ቁም ሳጥኑ ራሱ ከምን እንጨት እንደተሠራ፣ የቤቱ ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ፕሮፌሰር የልጆቹን ወሬ ለምን በቀላሉ እንዳመኑም እዚያው ይገለጣል። ጥያቄውን ይዞ አምስት መጽሐፍ የተጓዘ አንባቢ መልሱን ሲያገኝ ደስታው ልዩ ነው። መልሱን ቀድሞ የተነገረው ሰው ምሰሶው ጋ ሲደርስ «አዎ፣ ያ ብረት» ብሎ ያልፋል።

የሚጋጩ ነገሮችም አሉ። ቢቨሩ ነጯ ጠንቋይ በአንድ ወገን ከአዳም የመጀመሪያ ሚስት ከሊሊት፣ በሌላው ከግዙፋን ዘር ናት ይላል። «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ግን ከቻርን፣ ከሌላ ዓለም መጣች ይለናል። ቢቨሩን ቀድሞ የሰማ አንባቢ የእሱን ቃል እንደ አገር ቤት ወሬ ወስዶ ኋላ እውነቱን ሲያውቅ ይታረምለታል። ቻርንን ቀድሞ ያየ አንባቢ ግን ደራሲው ራሱ የተሳሳተ ይመስለዋል። የግማሽ ሰው ግማሽ ፍየሉ የአቶ ተምነስም የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ፦ ሉሲ ከምታያቸው ርዕሶች አንዱ ሰው ተረት ነው ወይስ እውነት ብሎ የሚጠይቅ ነው። ቀልዱ ግሩም ነው። የናርኒያ የመጀመሪያው ንጉሥ የለንደን ጋሪ ነጂ እንደነበር ላነበበ ሰው ግን ቀልድነቱ ቀርቶ ግራ መጋባት ይሆናል።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳት ብዙ ሰው የማያነሣው ነው። በታሪኩ ዘመን ቅደም ተከተል «ፈረሱና ልጁ» ሦስተኛ ሆኖ በ«አንበሳው»ና በ«ልዑል ካስፒያን» መካከል ይገባል፤ ምክንያቱም የሚፈጸመው አራቱ ልጆች ነግሠው በነበሩበት ዘመን፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ውስጥ ነው። በራሱ ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ የሰሜኑን አገር የሚናፍቅ የዓሣ አጥማጅ ቤት ልጅና የሚናገር ፈረስ ከደቡቡ አገር ከካሎርመን ሲኮበልሉ የሚተርክ። ችግሩ ቦታው ነው። «ልዑል ካስፒያን» ሲጀምር አራቱ ልጆች ዛፍ የዋጠው ፍርስራሽ ላይ ይጣላሉ፤ የት እንዳሉ አያውቁም። ከዚያ አሮጌ የውኃ ጉድጓድ ያገኛሉ፤ የፖም ዛፎች ያያሉ፤ ከሣሩ ውስጥ ከቼዝ ጨዋታ የቀረ የወርቅ ፈረሰኛ ይወጣል። ፒተር አንድ በአንድ እያገጣጠመ ይህ የገዛ ግንባቸው፣ ነግሠው የኖሩበት ኬር ፓራቬል እንደሆነ ይደርስበታል። ለእነሱ አንድ ዓመት ያለፈው ለናርኒያ፣ ሉዊስ ባዘጋጀው የዘመን ዝርዝር መሠረት፣ ወደ 1,300 ዓመት ነው። ይህ ምዕራፍ ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው አንባቢው እንደ ልጆቹ ከቁም ሳጥኑ ትናንት ወጥቶ ዛሬ ሲመለስ ነው። በመሀል 15 ምዕራፍ የበረሃ ጉዞ ከገባ ትዝታው ይቀዘቅዛል።

ለ«ፈረሱና ልጁ» የሚስማማው ቦታ 5ኛው ነው፣ ይህንንም የሚጠቁመው ከእሱ በፊት የታተመው መጽሐፍ ነው። «የብሩ ወንበር» ምዕራፍ 3 ላይ በኬር ፓራቬል ግብር ከተበላ በኋላ ዐይነ ስውር አዝማሪ ይቀርብና የልዑል ኮርን፣ የአራቪስንና የፈረሱን የብሪን ጥንታዊ ታሪክ ያሰማል፤ ስሙም «ፈረሱና ልጁ» እንደሚባል ይነገራል። በ1953 ይህን ያነበበ ሰው እንዲህ ያለ መጽሐፍ በገበያ ላይ አልነበረውም። በሚቀጥለው ዓመት ወጣለት። ሉዊስ «ፈረሱና ልጁ»ን ከ«የብሩ ወንበር» በፊት ጽፎ ጨርሶ ስለነበር የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ይህን ተንኮል የሚያጣጥም 4ኛውን ከ5ኛው አስቀድሞ ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

ከ«ልዑል ካስፒያን» እስከ «የብሩ ወንበር» ያሉት ሦስቱ በሁለቱም ቅደም ተከተል ሳይነጣጠሉ ስለሚሄዱ እዚያ ጭቅጭቅ የለም። ካስፒያን ልጅ ሆኖ፣ ከዚያ ወጣት ንጉሥ ሆኖ፣ ከዚያ ሽማግሌ ሆኖ የሚታይባቸው ናቸው።

ስለ መጨረሻዎቹ ሁለቱም አጭር ነገር ልበል። «የአስማተኛው የእህት ልጅ» 6ኛ ሲሆን የናርኒያ መፈጠርና የናርኒያ ማብቂያ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሉዊስም ሁለቱን የጻፈው ተጠጋግተው ነው፤ እንዲያውም «የመጨረሻው ጦርነት»ን ቀድሞ ጨርሶ የመፈጠሩን ታሪክ ከሁሉም በኋላ ነው የቋጨው። በተጨማሪ የመፈጠሩ ታሪክ ልጆች የሆኑት ዲጎሪና ፖሊ በ«የመጨረሻው ጦርነት» አርጅተው ተመልሰው ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት ልጅነታቸውን ያነበበ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል፤ ከአምስት መጽሐፍ በፊት ያነበበ ግን፣ በተለይ ልጅ ከሆነ፣ «እነማን ነበሩ?» ማለቱ አይቀርም።

የታሪኩ ዘመን ቅደም ተከተል ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ለሁለተኛ ንባብ ከእሱ የተሻለ የለም። ምስጢሮቹ ሁሉ ከታወቁ በኋላ ጠንቋይዋን ከቻርን እስከ በረዶው ዙፋን መከተል፣ የናርኒያን ጎረቤት አገሮች፣ የአርኬንላንድንና የካሎርመንን ታሪክ በየቦታው ማየት፣ ያኔ ያስደስታል። ታሪክን ከአዳምና ሔዋን ካልጀመረ የማይረጋጋ አንባቢም አለ፤ እሱን ማስገደድ ድካም ነው።

አሁን ወደ ገበያው። የሽፋኑን ቁጥር አትመኑ፤ ሽፋኑን ገልጣችሁ የቅጂ መብቱ ያለበትን ገጽ እዩ። እዚያ ላይ ብዙ ዓመት ተደርድሮ ታገኛላችሁ፤ የምትፈልጉት ከሁሉ የሚያንሰውን፣ ከ1950 እስከ 1956 ያለውን ነው። ትልቁ ዓመት ያ ቅጂ የታተመበት ነው፣ ለቅደም ተከተሉ አይጠቅምም። ገጹ የተቀደደ ከሆነ «አንበሳው» ውስጥ ሌላ ምልክት አለ፦ የጠንቋይዋ የፖሊስ አዛዥ የሆነው ተኩላ ስሙ ሞግሪም ከሆነ የእንግሊዙ ጽሑፍ ነው፤ ፌንሪስ ኡልፍ ከሆነ በእጃችሁ ያለው የአሜሪካው አሳታሚ የማክሚላን አሮጌ እትም ነው። ሉዊስ ለአሜሪካው እትም ጥቂት ነገር ለውጦ ነበር፣ በ1994 ግን የእንግሊዙ ጽሑፍ ተመለሰ። ስለዚህ ተኩላው ፌንሪስ ኡልፍ ከተባለና ሽፋኑ ላይ ቁጥር ካለ፣ ቁጥሩ የኅትመት ቅደም ተከተል ነው ብሎ ማመን ይቻላል።

ለልጆች ጮክ ብሎ ለሚያነብ ወላጅ ሂሳቡ ይህ ነው፦ ሰባቱ በድምሩ 110 ምዕራፍ ናቸው፤ በየምሽቱ አንድ ምዕራፍ ቢነበብ አራት ወር አይሞላም። «አንበሳው» 17 ምዕራፍ ስለሆነ በሁለት ሳምንት ተኩል ያልቃል። ከምዕራፍ 14 ጀምሮ፣ በድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ የሚሆነውን ለትንሽ ልጅ በመኝታ ሰዓት አንብቦ መብራት ማጥፋት ጭካኔ ነው፤ 14ንና 15ን በአንድ ምሽት ማያያዝ ይሻላል። «የመጨረሻው ጦርነት» ከሰባቱ ሁሉ የሚከብድ ነው፤ ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስድስተኛው ላይ አቁሞ አንድ ዓመት ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም።

ፊልሞቹን ብቻ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ አራተኛው ላይ መጀመር ይፈልጋል፤ በ2005፣ በ2008 እና በ2010 የወጡት ፊልሞች የመጀመሪያዎቹን ሦስት መጻሕፍት ስለሚሸፍኑ። አልመክርም። በተለይ የ2010ሩ «የዶውን ትሬደር ጉዞ» ከመጽሐፉ ርቆ ሄዷል፤ መጽሐፉ ውስጥ የሚፈለጉት ሰባት መሳፍንት ሲሆኑ ፊልሙ ሰባት ሰይፍ ጨምሮበት የታሪኩን ገመድ ለውጦታል። የአራቱ ልጆች ዘመድ የሆነው የዩስታስ ጠባይ እንዴት እንደተለወጠ በመጽሐፉ ካልተነበበ «የብሩ ወንበር» ላይ የሚታየው ልጅ ከየት እንደመጣ አይገባም።

ይህ የኅትመት ቅደም ተከተል ደንብ ለሌላ ተከታታይም ይሠራል ወይ? በአብዛኛው። የቶልኪንን ዓለም ከፍጥረቷ ልጀምር ብሎ በ1977፣ ደራሲው ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ የታተመውን «ሲልማሪሊዮን» መጀመሪያ የሚያነሣ ሰው በስም ጎርፍ ይሰጥማል፤ በሩ የ1937ቱ «ሆቢት» ነው፣ ቀጥሎ ከ1954 እስከ 1955 የወጣው «የቀለበቶቹ ጌታ»። የቴሪ ፕራቸት «ዲስክወርልድ» ግን ደንቡን ይሰብራል። ከ1983 እስከ 2015 የወጡ 41 ልቦለዶች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደራሲው ገና እጁን እያሟሸ የጻፋቸው ስለሆኑ ከእነሱ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ አይቀጥልም። እዚያ የሚሻለው አንዱን የገጸ ባሕርያት ቡድን መርጦ፣ ለምሳሌ የከተማዋን ዘበኞች ከ1989ኙ መጽሐፍ ይዞ፣ በዚያ ቡድን ውስጥ ብቻ የኅትመቱን ቅደም ተከተል መጠበቅ ነው።

ወደ ናርኒያ ልመለስና፣ ሰባቱ ሁሉ ባይገኙስ? ያለ ብዙ ጉዳት ሊዘገይ የሚችለው «ፈረሱና ልጁ» ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው በኋላና ከመጨረሻው በፊት የትም ቢገባ ይቻላል። «የብሩ ወንበር» ከ«ዶውን ትሬደር» በፊት አይነበብም። «የአስማተኛው የእህት ልጅ» እስኪገኝ «የመጨረሻው ጦርነት» መደርደሪያው ላይ ይቆይ። ከሁሉ ቀድሞ የተገኘው «የመጨረሻው ጦርነት» ከሆነ ደግሞ፣ በአሮጌ መጽሐፍ ገበያ ይህ ያጋጥማል፣ ግዙት፤ ግን ስድስቱ እስኪሟሉ የጀርባውን ሽፋን ጽሑፍ እንኳ አታንብቡ፣ እሱም ብዙ ይናገራል።